ሁለተኛው ፊልም እንዲሠራ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፤

እማዬ እንዴት ናት? የደሴ ብርድ ጉልበቷን እንደሚፈታተናት ስለማውቅ ሐሳቤ ከእናንተ ርቆ አያውቅም።

ባለፈው በስልክ «እትዬ፣ እውነት የኔ ሥራ፣ ለሰው ፊልም በፍላሽ መጫን፣ ወንጀል ነው?» ብለህ የጠየቅከኝ ከልቤ አልወጣም። ከጎንህ ያለው ባለሱቅ ሃርድ ዲስኩ ተይዞበት እንደሄደ ስትነግረኝ ድምፅህ ውስጥ የነበረውን ስጋት ሰምቻለሁ። ቸኩዬ የምመልሰው ጥያቄ ስላልሆነ፣ ደጋግመህ እንድታነበው ብዬ ይኸው ጻፍኩልህ። መጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እነግርሃለሁ። ከዚያ ሕጉ ላይ የማታገኘውን፣ እኔ ግን ፊልም እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ በምውልበት ክፍል ሁልጊዜ የማየውን እነግርሃለሁ።

አስቀድመህ ግን ይህን እወቅልኝ። ያቺን ሱቅ ምን ያህል ለፍተህ እንደከፈትካት አውቃለሁ። የእማዬ መድኃኒት የሚገዛው፣ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው ከእሷ ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ሰው ሆኖ እናቱን ሲጦር ማየት ለእኔ ትልቅ ኩራት ነው። የምጽፍልህ ሱቅህ እንዲዘጋ ፈልጌ አይደለም። ማንም መጥቶ በማይነቀንቀው መሠረት ላይ እንድትቆም ፈልጌ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ዛሬ ይህን ጉዳይ የሚገዛው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ አንድን ፊልም የማባዛት፣ የማሠራጨት፣ የማከራየትና ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለቤቱ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ሌላ ሰው ይህን ማድረግ የሚችለው ባለቤቱ ሲፈቅድለት ነው። ጥበቃው ረጅም ነው፤ ለፊልም 50 ዓመት ይዘልቃል። ደንበኛህ ፍላሹን አውጥቶ «የሰሞኑን የአማርኛ ፊልም ጫንልኝ» ሲልህ ከኮምፒውተርህ ወደ ፍላሹ ስትገለብጥ ማባዛት ነው። ሒሳብ ተቀብለህ ስትሰጠው ማሠራጨት ነው። «እኔ ከቴሌግራም ቻናል ነው ያወረድኩት፣ ከማንም አልሰረቅኩም» ማለት አያወጣህም፤ ቻናሉ ላይ የጫነው ሰው እሱ ራሱ የሌለውን መብት ሊሰጥህ አይችልምና።

«ለግል ጥቅም መገልበጥ ይፈቀዳል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለኸኝ ነበር። የሰማኸው እውነት ነው። የአዋጁ አንቀጽ 9 ማንም ግለሰብ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ ለራሱ መገልገያ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል፤ የራሱ ገደቦችም አሉት። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ለራሱ ስለሚገለብጥ ሰው ነው። አንተ የምትገለብጠው ለሌላ ሰው፣ በገንዘብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ስለዚህ በዚህ አንቀጽ ልትጠለል አትችልም፤ ትችላለህ የሚልህ ካለ አትስማው።

ቅጣቱን ስነግርህ ልብህ እንዳይደነግጥ፤ ግን ማወቅ አለብህ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት የማያንስ፣ ከ10 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት እንዲጠብቀው ደንግጓል። በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። ቅጂዎቹና ለመገልበጥ ያገለገሉት መሣሪያዎችም ይወረሳሉ። በዚህ ላይ ባለመብቱ በፍትሐ ብሔር ከከሰሰ ካሳ አለ፤ አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጎ ወስኖታል። ይህን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ከምትቀበላት ገንዘብ ጋር አስተያየው። እማዬን የምታስታምመው ከእስር ቤት ሆነህ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ።

የውጭ ፊልምን በተመለከተ ግን ሕጉ ሌላ ነገር ይላል፤ እውነቱን ሳልደብቅ ልንገርህ። አዋጁ ጥበቃ የሚሰጠው ለተለዩ ሥራዎች ነው። ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ወይም መደበኛ ነዋሪነቱ ኢትዮጵያ የሆነ፤ ፕሮዲዩሰሩ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወይም መኖሪያው እዚህ የሆነ ፊልም፤ መጀመሪያ እዚህ የወጣ፣ ወይም ውጭ ወጥቶ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም የቀረበ ሥራ፤ በመጨረሻም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቅ ሥራ። በዚህ መስክ ዋናው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት ነው። አገራችን ከዚህ ስምምነት ውጭ ሆና ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆይታለች። በገበያ መሐል የሆሊውድና የህንድ ፊልም በግልጽ እየተሸጠ የአማርኛ ፊልም የሸጠ የሚከሰሰው ለዚህ ነው። ፖሊስ አድልቶ ሳይሆን ሕጉ እንደዚያ ስለተጻፈ ነው።

«ታዲያ የአማርኛውን ትቼ በውጭው ልኑር» እንደምትል ይታየኛል። ከዚያ በፊት የአሜሪካንን ታሪክ ልንገርህ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስለ ፊልም ቅጂ አጥብቃ የምትከራከረው አገር እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ድረስ ለውጭ ደራስያን ምንም ጥበቃ አትሰጥም ነበር። የእንግሊዝ ደራስያን መጻሕፍት በኒውዮርክና በፊላደልፊያ ያለ ፈቃድ እየታተሙ በርካሽ ይቸበቸቡ ነበር። ቻርልስ ዲክንስ በ1842 አሜሪካን ሲጎበኝ በየደረሰበት ስለዚህ ነገር አቤት ብሏል፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። አሜሪካ የበርን ስምምነት አባል የሆነችውም በ1989 ነው፤ ስምምነቱ ከተፈረመ ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አገር ከዚህ ስምምነት ውጭ ሆኖ በሰው ሥራ መጠቀሙ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም።

የታሪኩ ፍሬ ነገር ግን ወዲህ ነው። ያ ሕግ እንዲለወጥ ከወተወቱት መካከል አሜሪካውያን ደራስያን ራሳቸው ነበሩ። ለዲክንስ ምንም የማይከፍል አሳታሚ ለአገሩ ልጅ ከፍሎ ለምን ያሳትማል? ነጻው የውጭ መጽሐፍ የአገሩን መጽሐፍ ከገበያ ገፋው። በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። በአንድ ፍላሽ ላይ ምንም ያልተከፈለባቸው የውጭ ፊልሞች በገፍ ሲጫኑ፣ ከጎናቸው ያለው የአማርኛ ፊልም ዋጋ ማውጣት ያቅተዋል። ደንበኛው ፊልም ማለት በነጻ የሚገኝ ነገር ነው ብሎ ይለምዳል። የውጭውን መጫን ዛሬ ባያስከስስህም የራስህን ሰው ገበያ ያጠብባል። ደግሞም ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን በ1995 ዓ.ም. ጥያቄ አቅርባ ስትደራደር ቆይታለች። የድርጅቱ አባል የሆነ አገር ደግሞ የበርን ስምምነትን ዋና ዋና ድንጋጌዎች ማክበር ግዴታው ነው። ነገ ሊዘጋ በሚችል ቀዳዳ ላይ የእማዬን ኑሮ አትመሥርት።

እስካሁን የነገርኩህ የሕግ ነው። አሁን የልቤን ልንገርህ።

እዚህ አገር አንድ ሰው የመጀመሪያ ፊልሙን የሚሠራው በፍቅርና በብድር ነው። ቤተሰብ ያዋጣል፣ ጓደኛ ያበድራል፣ ዕቃ ይሸጣል። ተዋናዩ «ቀሪውን ፊልሙ ሲገባ» ተብሎ በግማሽ ክፍያ ይሠራል። መብራት የሚሸከመው ልጅ፣ ድምፅ የሚቀዳው፣ ሜካፕ የምትሠራው፣ ልብስ የምታሰናዳው፣ እኔም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ በተስፋ እንሠራለን። ፊልሙ ሲያልቅ ሲኒማ ቤት ይገባና የትኬቱን ገቢ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ይካፈላል። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ዩቲዩብ ይሄዳል። በፊት በቪሲዲ ነበር፤ ያኔም ዋናው ቅጂ በወጣ በማግስቱ አዟሪዎች እጅ ላይ ሌላ ቅጂ ይታይ ነበር። አሁን ደግሞ አንዱ በሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ በስልኩ ይቀርጸዋል። የተመልካች ጭንቅላት ከፊት ይታያል፣ ሳቁም አብሮ ይሰማል። ዩቲዩብ ላይ ሲወጣም የሚከፈለው በተመልካች ብዛት ነው፤ አንተ ሱቅ ውስጥ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚሄደውን ማንም አይቆጥረውም። ብዙ ሺህ ሰው ያየው ፊልም ባለቤቱን ዕዳ ውስጥ ጥሎት ሊቀር ይችላል።

ከመጀመሪያው ፊልም የሚገኘው ገቢ ለአንድ ባለሙያ ለዘር የተቀመጠ እህል ነው። ገበሬ ምንም ቢርበው የዘሩን እህል አይነካም፤ የሚቀጥለው ዓመት ያለው እዚያ ጎታ ውስጥ ነውና። ሕገወጥ ቅጂ የሚበላው ያንን ዘር ነው። የመጀመሪያው ፊልም ቀድሞ ተሠርቷል፤ ማንም ቢገለብጠው ተመልሶ አይጠፋም፣ ሰውም ያየዋል፣ ይወደዋልም። የሚጠፋው ገና ያልተሠራው ነው። እኔ የማውቃቸው፣ አንድ ግሩም ፊልም ሠርተው ሁለተኛውን ሳይሠሩ ማስታወቂያ ወደ መሥራት፣ ሠርግ ወደ መቅረጽ፣ ወደ ስደትም የሄዱ ሰዎች አሉ። ስማቸውን አልጠራልህም። ሁለተኛውን ፊልማቸውን ግን አንተም እኔም አላየነውም፤ አናየውምም። ለእኔ የዚህ ሕግ ትርጉሙ ያ ነው። ሕጉ ያለው ሁለተኛው ፊልም እንዲሠራ ነው።

በተቃራኒው መብቱን ከእጁ ያላወጣ ሰው የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ከእኛው አገር የወጣ ምስክር አለ። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው ነው። «ሳንኮፋ» የተባለውን ስለ ባርነት የሚናገር ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 አጠናቅቆ በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቢያቀርበውም፣ በአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እሱና የትዳር አጋሩ ሸሪኪያና አይና ግን ፊልሙን ለማንም አሳልፈው አልሰጡም። በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከጥቁር ማኅበረሰቡ ጋር እየተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። ሕዝቡ ትኬት እየቆረጠ ጎረፈ። በዋሽንግተን በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ የፊልሙን ስም የያዘ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ከዚያ በ1999 ስለ አድዋ ድል የሚናገረው ዘጋቢ ፊልም መጣ። በ2008 ደግሞ «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ መጣ፤ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፣ በማግስቱ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት አገኘ። «ሳንኮፋ» ራሱ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። ፊልሙ በሠሪዎቹ እጅ ባይቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ መንገድ ባልተከፈተም ነበር። እነዚያ ትኬት የቆረጡ ሰዎች የከፈሉት ለአንድ ምሽት ብቻ አልነበረም።

አሁን በስልክ ያነሳሃቸውን መከራከሪያዎች አንድ በአንድ ልመልስልህ፤ አንዳቸውንም አላቃልልም።

«ዝነኞቹ ሀብታሞች ናቸው፣ በእኔ አሥር ብር አይጎዱም» አልከኝ። ዝና ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልዬስ እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ የሠራው ፊልም በዓለም ዙሪያ ታየ፤ በዘመኑ ከእሱ የበለጠ የተወራለት ፊልም ሠሪ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ግን የኤዲሰን ኩባንያና ሌሎችም ያለ ፈቃዱ እያባዙ አሳዩት፤ ብዙው ገቢ ወደ እሱ አልደረሰም። በኋላም ወንድሙን ጋስቶንን ወደ ኒውዮርክ ልኮ መብቱን የሚያስከብር ቢሮ እስከማስከፈት ደረሰ። ለመውደቁ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ መጨረሻው ግን በፓሪስ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ መጫወቻና ከረሜላ መሸጥ ሆነ። እዚህ አገርም ፖስተር ላይ ፊቱ የሚታየውን ሰው ኑሮ ከፖስተሩ አትለካው። ደግሞም ከዚያ አንድ ፊት ጀርባ ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዷ እኔ ነኝ።

«ደንበኛዬ ድሃ ነው፣ ሲኒማ ቤትም በየከተማው የለም» አልከኝ። ይህ ከሁሉም የበለጠ ልቤን የነካው ነው፤ እውነት ነውና። በገጠር ያለ ሰው አዲስ አበባ የገባን ፊልም እንዴት ይየው? ይህ ጥፋት የእኛ የፊልም ሠሪዎቹም ነው እላለሁ። ፊልማችንን አዲስ አበባ ላይ አስመርቀን፣ አዲስ አበባ ላይ አሳይተን፣ የቀረውን ሕዝብ ረስተን፣ ኋላ ሰው በፍላሽ ሲያየው ሌባ ማለት አይገባንም። ሕጋዊውን መንገድ ያላበጀ ሰው በሕገወጡ መንገድ የሄደውን ብቻውን ሊወቅስ አይችልም።

በዚህ ላይ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የተማሩት ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ የሶኒን የቪዲዮ መቅጃ ማሽን ፍርድ ቤት ወሰዱት። ሰዎች ከቴሌቪዥን እየቀዱ ፊልማችንን ይጨርሱታል፣ ማሽኑ ይታገድ አሉ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1984 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ስቱዲዮዎቹ ተሸነፉ፤ ሰው በቤቱ ኋላ ለማየት ብሎ መቅዳቱ ሕገወጥ አይደለም ተባለ። ከዚያ ምን ሆነ? ፊልም በቪዲዮ ካሴት መሸጥና ማከራየት ትልቅ ገበያ ሆነ፤ እነዚያው ስቱዲዮዎች ከሲኒማ ቤት ከሚያገኙት የሚበልጥ ገንዘብ ከዚያ ማግኘት ጀመሩ። ሊያስቀብሩት የነበረው ማሽን ገበያቸው ሆነ። አንተም ሱቅህ እንደዚያ ልትሆን ትችላለች። ፍላሽ መጫን በራሱ ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ባለቤቱ ያላወቀውና ያልተከፈለው መሆኑ ነው።

«ትልልቆቹን ትተው ትንሹን ይይዛሉ» ያልከውም ያሳዝነኛል። መንገድ ላይ ሲዲ ይዞ የሚዞር ልጅ ሲያዝ፣ ፊልሙን ከኤዲቲንግ ክፍል ወይም ከሲኒማ ቤት ያወጣው ሰው አይያዝም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተከታይ ያለው ቻናል ባለቤት ስሙ እንኳ አይታወቅም። የአምስት ዓመት ጽኑ እስራት ለእንጀራ ፈላጊ ልጅ ሲሆን፣ ሕጉን የሚያስፈጽመውም ሰው እጁ ይያዛል ብዬ አምናለሁ፤ ማንም በሙሉ ልቡ የማይፈጽመው ቅጣት ደግሞ ማንንም አያስተምርም። እስር ብቻውን ነገሩን እንዳልጨረሰው በሌላም አገር ታይቷል። በስዊድን በ2009 እ.ኤ.አ. ሕገወጥ ቅጂ የሚሠራጭበትን የፓይሬት ቤይን ድረ ገጽ በማንቀሳቀስና በመደገፍ የተከሰሱ አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ዓመት እስራትና በጋራ 30 ሚሊዮን ክሮነር ካሳ ተፈረደባቸው። በይግባኝ እስራቱ ቢቀነስም ካሳው ጨመረ። ድረ ገጹ ግን አልሞተም። ፍትሕ መጀመሪያ ምንጩን ቢይዝ፣ ትንሹን ሻጭ ደግሞ አስጠንቅቆ ሕጋዊ መንገድ ቢያሳየው ኖሮ አንተን የመሰለ ሰው በስጋት ባልኖረ ነበር። በእኛ አገር በ2007 ዓ.ም. በተደረገው የአዋጁ ማሻሻያ የመብት ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ እንዲሰበስቡ መንገድ ተከፍቷል። ይህ በየከተማው ቢሠራበት፣ እንዳንተ ያለ ባለሱቅ በወር የተወሰነ ከፍሎ በነጻነት ሊጭን ይችል ነበር። ይህ እንዲሆን እኔም በሙያ ጓደኞቼ መሐል ሳልታክት እናገራለሁ።

«እኔ ብተው ሌላው ይጭነዋል» ያልከው ግን አንተን አይመጥንም። ይህን ካልን ማንም ሰው ምንም ነገር መተው አይችልም። ሌላው ሌላው ነው፤ አንተ የእኔ ወንድም ነህ። ከፊልሙ መጨረሻ ላይ የእኔ ስም የሚያልፍበትን ሥራ ከአንተ ሱቅ ሰው ያለ ፈቃድ ሲወስደው የምንጎዳው ሁለታችንም ነን። እማዬ በሁለታችንም እጅ ነው የምትኖረው።

አሁን የምለምንህን ልንገርህ። ከዛሬ ጀምሮ የአማርኛውንም፣ በሌላ በአገራችን ቋንቋ የተሠራውንም ፊልምና ዘፈን ያለ ፈቃድ አትጫን። ከኮምፒውተርህ ላይም አጥፋው፤ መያዙ በራሱ ፈተና ነው። ከዚያ ፈቃድ ጠይቅ። ብዙ ፕሮዲዩሰሮች እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብላቸው ሰው አጥተው እንጂ እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። ቀለል አድርገህ አቅርብላቸው፦ ፊልምህን ደሴ ላይ ልጫንልህ፣ በእያንዳንዱ ፍላሽ ይህን ያህል ለአንተ፣ ይህን ያህል ለእኔ፣ በወሩ መጨረሻ ሒሳብ አሳይሃለሁ። የቃል ስምምነት አትቀበል፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ የፊልሙ ስም፣ ጊዜውና ቦታው፣ ክፍያውም ይገለጽበት። የፈረመው ሰው በእርግጥ የመብቱ ባለቤት መሆኑንም አረጋግጥ፤ ዳይሬክተሩና ፕሮዲዩሰሩ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። የጫንከውን ሁሉ በደብተር መዝግብ። ያ ደብተር ከፖሊስ ፊትም፣ ከፕሮዲዩሰር ፊትም ቀና ብለህ የምትቆምበት ነው።

በመሐሉ ገቢህ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ያንን ዝም ብዬ አላይም። የፎቶ ኮፒና የሕትመት ሥራ ብትጨምርበት፣ የትምህርት ቤት ልጆች ወረቀት፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የጉርድ ፎቶ የሚያስወጣ ሰው በደጅህ አይጠፋም። ፕሪንተሩን እኔ እገዛዋለሁ፤ አንተ ቦታ አዘጋጅለት። የመጀመሪያዎቹን ወራት የእማዬን መድኃኒት ለእኔ ተወው። እንደ ልመና አትቁጠረው፣ ከአንድ ማኅፀን የወጣን ነን።

ሰፈርህ ያሉትን ባለሱቆችም አነጋግራቸው። አንድ ሱቅ ብቻውን ፈቃድ ከሚጠይቅ አምስት ስድስት ሆናችሁ ብትጠይቁ ፕሮዲዩሰሩ ይሰማችኋል፣ ዋጋውም ይቀንስላችኋል። ሃርድ ዲስኩ የተያዘበት ጎረቤትህንም ጨምረው፤ አሁን ከማንም የበለጠ ሌላ መንገድ የሚፈልገው እሱ ነው። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰው ይሰማሃል፣ ያምንሃልም።

መልስህን በቶሎ ጻፍልኝ። ደንበኞችህ አዘውትረው የሚጠይቁህን የአማርኛ ፊልሞች ስም ዘርዝረህ ላክልኝ። ከሠሪዎቹ መካከል የማውቃቸውን እኔ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ፤ የማላውቃቸውንም በሚያውቋቸው በኩል እደርስባቸዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ የመጀመሪያውን ውል አብረን እንፈርማለን።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ምርቃቷም አይለየን። ፈጣሪ ደጅህን ይባርክ፣ እጅህን ከክፉ ይጠብቅ።

የምትወድህ እህትህ
ከአዲስ አበባ